ምን እንብላ ከማለት በፊት፦ አዩርቬዳ ስለ መጠንና ስለ ጊዜ የሚያስተምረው

የሕንድ ጥንታዊ የሕክምና ሥርዓት ስለሆነው ስለ አዩርቬዳ በአማርኛ የሚጻፈውና በቪዲዮ የሚሰራጨው መረጃ አብዛኛው ስለ ቅጠላ ቅጠልና ስለ ሥራ ሥር ነው። እርድ ለምን ይጠቅማል፣ ዝንጅብል ከምን ጋር ይጠጣል፣ አሽዋጋንዳ የተባለው ሥር ከየት ይገዛል የሚሉት ጥያቄዎች በየዕለቱ ይነሣሉ። በደቡብ ሕንድ በኬረላ ተማሪ ሆኜ በኖርኩበት ጊዜ ያየሁት፣ ከዚያም በኋላ በንባብ የተከታተልኩት አዩርቬዳ ግን ከዚህ ሁሉ የሚያስቀድመው ጉዳይ አለው። ጥንታዊ ጽሑፎቹ የሙያውን ዓላማ ሲገልጹ በመጀመሪያ የጤነኛውን ሰው ጤና መጠበቅን፣ ቀጥሎም የታመመውን ሰው ሕመም ማስታገሥን ያስቀምጣሉ። ለዚህም ሲሉ ከሕመም በፊት ስላለው ዕለታዊ ኑሮ፣ ማለትም ስለ መኝታ፣ ስለ ገበታ፣ ስለ ሥራና ስለ ወቅት ሰፋፊ ምዕራፎች መድበዋል። እነዚያን ምዕራፎች ያነበበ ሰው ደጋግሞ የሚያገኛቸው «ምን ያህል?» እና «መቼ?» የሚሉ ጥያቄዎችን ነው። እኔም ዛሬ በእነዚህ በሁለቱ ላይ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ከአዩርቬዳ ትምህርት ውስጥ ማንኛውም ሰው ገንዘብ ሳያወጣና ራሱን ለአደጋ ሳያጋልጥ ሊጠቀምበት የሚችለው ክፍል ይህ እንደሆነ አምናለሁ።

ዋና ዋናዎቹ የአዩርቬዳ ምንጮች ሦስት ናቸው። ቻራካ ሳምሂታ በአመዛኙ ስለ ውስጥ ደዌ፣ ሱሽሩታ ሳምሂታ ደግሞ ስለ ቀዶ ሕክምና ጭምር ያስተምራሉ፤ ሁለቱም ከ2000 ዓመታት ገደማ በፊት ቅርጽ መያዝ ጀምረው በብዙ እጆች ሲታረሙና ሲሰፉ የቆዩ ናቸው። ቫግባታ የተባለው ሊቅ በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አካባቢ የጻፈው አሽታንጋ ህሪዳያ የቀደሙትን ትምህርቶች አሳጥሮ በግጥም ያቀረበ ሲሆን፣ በኬረላ ባህላዊ ሐኪሞች ዘንድ በልዩ ክብር የሚያዝ መጽሐፍ ነው። ዛሬ አዩርቬዳ በሕንድ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ይሰጣል፤ የመጀመሪያ ዲግሪው የተግባር ልምምዱን ጨምሮ አምስት ዓመት ተኩል ይፈጃል። ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዩርቬዳን፣ ዮጋንና ሌሎች ባህላዊ ሕክምናዎችን የሚመራ ሚኒስቴር አለ፤ በ2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት የባህላዊ ሕክምና ዓለም አቀፍ ማዕከሉን በጉጃራት ክፍለ ግዛት በጃምናጋር ከተማ መሥርቷል።

በቻራካ ሳምሂታ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የማረከኝ አንድ ምግብ ለሰውነት ይስማማ አይስማማ እንደሆነ ለመወሰን ሊታዩ የሚገባቸውን ስምንት ነገሮች የሚዘረዝረው ክፍል ነው። የመጀመሪያው የምግቡ ተፈጥሮ፣ ማለትም ከባድ ነው ወይስ ቀላል የሚለው ነው። ከእርሱ በኋላ የተዘጋጀበት መንገድ፣ ከምን ጋር እንደተደባለቀ፣ መጠኑ፣ የበቀለበትና የሚበላበት አገር፣ የሚበላበት ጊዜ፣ የአመጋገቡ ሥርዓት፣ በመጨረሻም የሚበላው ሰው ራሱ ይከተላሉ። እኛ ስለ ጤናማ ምግብ ስንነጋገር አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ላይ ብቻ እንቆማለን፤ ሽምብራ ጥሩ ነው፣ ሥጋ መጥፎ ነው እንላለን። ነገር ግን ያው ሽምብራ ቆሎ ሆኖ ሲቆረጠም፣ ንፍሮ ሆኖ ሲበላና ተፈጭቶ ሽሮ ሆኖ ሲቀርብ በሆድ ላይ የሚያሳድረው ጫና የተለያየ መሆኑን ሁላችንም ከልምድ እናውቃለን። እኩለ ቀን ላይ ለሚያርስ ጎረምሳ የሚስማማው ሳህን ሌሊት በአራት ሰዓት ከቢሮ ለተመለሰ፣ ዕድሜው ለገፋ ሰው ሲቀርብ ሌላ ምግብ ነው ማለት ይቻላል።

መጠንን በሚመለከት ቻራካ በግራምና በሳህን አይለካም፤ ልኩ የሚበላው ሰው የመፍጨት አቅም ነው። ይህን አቅም አዩርቬዳ «አግኒ» ይለዋል፤ የሆድ እሳት ማለት ነው። በምድጃ ላይ ያለ ትንሽ እሳት ትልቅ እርጥብ ግንድ ሲጫንበት ጭሶ እንደሚጠፋ ሁሉ፣ ደካማ የሆድ እሳትም ከአቅሙ በላይ ሲጫንበት ምግቡ በግማሽ ተፈጭቶ ይቀራል ይላሉ፤ ያልተፈጨው ትራፊ በሰውነት ውስጥ ተከማችቶ የብዙ ሕመም መነሻ ይሆናል ብለውም ያስተምራሉ። የዛሬው ሕክምና ይህን ትራፊ በላቦራቶሪ የሚለካው ነገር አድርጎ አይቀበለውም። የምልክቶቹን ዝርዝር ግን፣ ማለትም ምላስ ላይ የሚጋገረውን ነጭ ሽፋን፣ ጠዋት የሚሰማውን ድብታና የምግብ ፍላጎት ማጣትን፣ ከቁንጣን ጋር ያደረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ለሆድ የሚሰጠው የመጠን ልክም በግልጽ ተቀምጧል። ቻራካ ሆድን በሦስት ከፍሎ አንዱን ለደረቅ ምግብ፣ አንዱን ለፈሳሽ፣ አንዱን ባዶ አድርጎ እንዲተው ያዝዛል፤ ቫግባታ ደግሞ በአራት ከፍሎ ሁለቱን ለደረቁ፣ አንዱን ለፈሳሹ፣ አንዱን ለአየር ይሰጣል። በአኃዙ ቢለያዩም አንድ ሰው ጥርቅም አድርጎ ሳይሞላ ከገበታ መነሣት እንዳለበት ይስማማሉ። ሰው ሆዱን ከፍቶ ማየት ስለማይችል ቻራካ በልኩ የበላ ሰው የሚታወቅባቸውን ምልክቶች ይነግረናል፦ ሆዱ አይጨነቅም፣ ልቡ አይታፈንም፣ ጎኑ አይወጠርም፣ ሰውነቱ አይከብደውም፤ ረኃቡና ጥማቱ ይረካሉ፤ ሲቆም፣ ሲቀመጥ፣ ሲተኛ፣ ሲራመድ፣ ሲተነፍስ፣ ሲስቅና ሲያወራ አይቸገርም። እኔ ይህን ዝርዝር ከማንኛውም የካሎሪ ሰንጠረዥ ይልቅ የሚጠቅም ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ምክንያቱም ሚዛን ወይም ስልክ አያስፈልገውም፣ እንጀራ በጋራ መሶብ በሚበላበት ቤትም ይሠራል። ከምሳ በኋላ ሳቅ የሚያስጨንቀው ወይም ቀበቶውን ለማላላት የሚገደድ ሰው መልሱን ከራሱ ሰውነት አግኝቷል።

ስለ ጊዜ የተሰጠው መሠረታዊ ደንብ ደግሞ ከዚህ ያጠረ ነው፤ ቀድሞ የተበላው ሳይፈጭ አትብላ። ተከራይቼ የኖርኩበት ቤት እናት በጠዋት ሲያገኙኝ ከሰላምታቸው ቀጥሎ የሚጠይቁኝ ራበህ ወይ ብለው ነበር፤ አልራበኝም ካልኩ ቁርስ አያቀርቡም፣ በፓቲሙጋም እንጨት የተፈላ ሮዝ መልክ ያለው ሞቅ ያለ ውሃ ሰጥተውኝ እስኪርበኝ ድረስ ይተዉኛል። እርሳቸው እራታቸውን የሚበሉት ፀሐይ ሳትጠልቅ ወይም ገና እንደጠለቀች ነበር። የቀኑ ዋና ምግብ በእኩለ ቀን እንዲሆን የሚመከርበት ምክንያት በአዩርቬዳ አስተሳሰብ የቀኑ መካከል የሙቀት ክፍለ ጊዜ በመሆኑ የሆድ እሳትም በዚያን ሰዓት ስለሚበረታ ነው። ምክንያቱን የዛሬ ተመራማሪ በሌላ መንገድ ያስረዳዋል፤ ሰውነታችን የራሱ የውስጥ ሰዓት እንዳለው፣ ያው ምግብ በምሽት ሲበላ ከጠዋቱ ይልቅ የደም ስኳርን ከፍ እንደሚያደርግ ይታወቃል። የዚህን የውስጥ ሰዓት አሠራር በሕዋስ ደረጃ ያሳዩት ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮስባሽና ማይክል ያንግ በ2017 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። የጥንቶቹ ጸሐፊዎች ይህን ሁሉ አስቀድመው ያውቁ ነበር ማለቴ አይደለም፤ ሰውን በትዕግሥት ሲመለከቱ ኖረው የደረሱበት ምክር ግን በብዙ ቦታ ከዛሬው ዕውቀት ጋር ይገጥማል።

ሱሽሩታ ከምግብ በኋላ ስለሚደረገው ያስቀመጠውን ምክር በተለይ እወደዋለሁ። የበላ ሰው የምግቡ ድካም እስኪለቀው ድረስ እንደ ንጉሥ ተረጋግቶ ይቀመጥ፣ ከዚያም መቶ እርምጃ ይራመድ፣ ቀጥሎም በግራ ጎኑ ጋደም ይበል ይላል። ከምግብ በኋላ ቀስ ብሎ ጥቂት መራመድ የደም ስኳር በፍጥነት እንዳይወጣ እንደሚረዳ፣ በግራ ጎን መተኛትም ቃር ለሚያስቸግረው ሰው እንደሚሻል ዛሬም ይመከራል። ከእራት በኋላ በግቢ ወይም በሰፈር ውስጥ ለአሥር ደቂቃ የሚደረግ የእግር ጉዞ ከማውቃቸው ልማዶች ሁሉ ቀላሉ ነው፤ የስኳር ሕመምተኛ ቤተሰብ ያለው ሰው ሁሉ በጋራ ቢያደርገው እመኛለሁ።

የአመጋገቡ ሥርዓት የሚባለው ሞቅ ያለ ምግብ መብላትን፣ እጅግ ሳይፈጥኑና እጅግ ሳይዘገዩ መመገብን፣ ሳያወሩና ሳይስቁ ሐሳብን በገበታው ላይ ማድረግን ያካትታል። በእኛም አገር በገበታ ላይ ልጅ አያወራም የሚል ጥብቅ ሥርዓት ነበር፤ ስንነሣም ስንቀመጥም ታላላቆቻችን ይቆጣጠሩን ነበር። ዛሬ ገበታውን የሚሻማው ስልክ ነው። ሐሳቡ በስክሪን ላይ ያለ ሰው የጥጋብ ምልክት ሲመጣ ሳያስተውለው ያልፋል፤ ስለዚህ ስልክን ከመሶቡ አርቆ ማስቀመጥ ከላይ የተጠቀሱት የልክ ምልክቶች እንዲሰሙን የሚያደርግ የመጀመሪያ እርምጃ ነው።

ጥሩ ነገርም በዝቶ ሲወሰድ እንደሚጎዳ ለማስረዳት ቻራካ ሦስት ነገሮችን ለይቶ ያስጠነቅቃል፤ እነርሱም ረጅም ቁንዶ በርበሬ፣ አልካሊ የሆነ አመድ መሰል ጨውና የምግብ ጨው ናቸው። ረጅም ቁንዶ በርበሬ ከእኛ ጥምዝ ጋር የሚዛመድ፣ በአዩርቬዳ መድኃኒቶች ውስጥ በብዛት የሚገባ ተክል ነው። ይህን የመሰለ ተወዳጅ መድኃኒት እንኳ ያለ ልክ አይወሰድ ብሎ መጻፍ ዛሬ በየዕለቱ እርድና ዝንጅብል በማንኪያ እየለኩ ለሚጠጡ ሰዎች ቀጥተኛ መልእክት አለው። ጨው የሚያበዙ ሰዎች ቆዳቸው ቶሎ እንደሚሸበሸብና ፀጉራቸው ቶሎ እንደሚሸብት መጻፉን ለሳይንስ ፈተና ልተወው፤ ጨው በዛ ሲባል ግን የዓለም ጤና ድርጅትም ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች እንዲሆን ይመክራል፤ ይህም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ነው። በወጣችንና በበርበሬያችን ውስጥ አስቀድሞ የገባውን ጨው ስናስበው ልኩን ማለፍ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ይገባናል።

የጠዋቱ ሥርዓት በአዩርቬዳ ሰፊ ቦታ አለው። ጤነኛ ሰው ፀሐይ ሳትወጣ እንዲነሣ፣ እንዲጸዳዳ፣ በመራራ ወይም በሚያኮማትር እንጨት ጥርሱን እንዲፍቅ፣ ምላሱን እንዲጠርግ፣ ሰውነቱን በዘይት እንዲቀባ፣ አካሉን እንዲያንቀሳቅስና እንዲታጠብ ይታዘዛል። መፋቂያን በተመለከተ ሕንዶች የኒምን ቅርንጫፍ ሲጠቀሙ እኛ ወይራና ሌሎችንም እንጨቶች እንጠቀማለን፤ ነገሩ ለኢትዮጵያዊ አዲስ አይደለም። ቫግባታ ዘይት ከሁሉ በላይ አናት፣ ጆሮና እግር ላይ እንዲቀባ ያሳስባል። ኬረላ ውስጥ ለራስ ፀጉር የሚቀባው አብዛኛውን ጊዜ የኮኮናት ዘይት ሲሆን ለሰውነት ደግሞ የሰሊጥ ዘይት በስፋት ይሠራበታል፤ እናቶቻችን አናታቸውን ለጋ ቅቤ ተቀብተው ሲያርፉ ይሰማቸው የነበረውን ዕረፍት ለሚያስታውስ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። ከመኝታ በፊት የእግርን መዳፍ በጥቂት የሰሊጥ ዘይት ማሸት እስከ ዛሬ የያዝኩት ልማድ ነው። እንቅልፍ እንደሚያመጣ በሳይንስ ተረጋግጧል ብዬ አልከራከርም፤ ከሥራ ቀን ጋር ተጣብቆ የሚመጣውን ውጥረት ለመፍታት ግን ይረዳኛል።

የአካል እንቅስቃሴ ልኩም ከዘመናችን ስብከት የተለየ ነው። ቫግባታ ጠንካራ ሰው በብርድና በጸደይ ወቅት የአቅሙን ግማሽ ያህል፣ በሌሎቹ ወቅቶች ከዚያ ያነሰ እንዲንቀሳቀስ ይመክራል፤ የግማሽ አቅም ምልክቱ ግንባር ላይ፣ ብብት ሥርና መገጣጠሚያዎች ላይ ላብ መታየቱ፣ ትንፋሽም በአፍ መውጣት መጀመሩ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ በታላቁ ሩጫ ራሱን ጨርሶ ሌላውን ጊዜ ተቀምጦ ከሚያሳልፍ ሰው ይልቅ በየቀኑ ትንሽ ላብ የሚያወጣ ሰው ለጤናው የተሻለ ሠርቷል።

እንቅልፍ ከምግብና ራስን ከመግዛት ጋር ሆኖ ሰውነትን ከሚደግፉት ሦስት ምሰሶዎች አንዱ ነው። ቻራካ ደስታና ሐዘን፣ መወፈርና መክሳት፣ ብርታትና ድካም፣ ዕውቀትና አለማወቅ፣ በመጨረሻም ሕይወትና ሞት በእንቅልፍ ላይ የተመሠረቱ እንደሆኑ ይጽፋል። የቀን እንቅልፍ በአጠቃላይ አይደገፍም፤ ለሕፃናት፣ ለአረጋውያን፣ ለደካሞች፣ በመንገድ ለደከሙ፣ በሐዘን ለተጎዱና በበጋ ሙቀት ላይ ላሉ ግን ይፈቀዳል። ይህ የልዩ ሁኔታዎች ዝርዝር መኖሩ ራሱ ትምህርቱ ሰውን በአንድ ልክ ብቻ እንደማይለካ ያሳያል። ከሁሉ ይልቅ ለዘመናችን የሚጠቅመው የቫግባታ ምክር ሌሊት ያለ ልማዱ ነቅቶ ያደረ ሰው በማግስቱ ጠዋት ምግብ ሳይበላ የነቃበትን ጊዜ ግማሽ ያህል እንዲተኛ የሚለው ነው። በአሜሪካ በሆስፒታልና በአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ተራ የሚሠሩ፣ በባሕረ ሰላጤ አገሮች በሰው ቤት እስከ እኩለ ሌሊት የሚቆሙ፣ በአዲስ አበባም በጥበቃና በሹፍርና የሚያድሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። ለእነርሱ ፀሐይ ሳትወጣ ተነሡ ብሎ መስበክ ኑሯቸውን አለማወቅ ነው። ከሌሊት ሥራ ሲመለሱ ከባድ ምግብ በልቶ ከመተኛት ይልቅ ሆድን ቀለል አድርጎ መስኮቱን አጨልሞ መተኛት፣ ዋናውን ምግብም ከእንቅልፍ በኋላ መብላት ግን ለብዙዎቻቸው የሚቻል ነው፤ ሥርዓቱም በዚህ መልኩ ለኑሯቸው ይስማማል።

ብዙ ጊዜ የማይነገርለት ሌላ ትምህርት ደግሞ የተፈጥሮን ጥሪ አለማፈን ነው። ቻራካ ሊታፈኑ የማይገባቸውን አሥራ ሦስት ነገሮች ይዘረዝራል፤ ከእነርሱም ሽንት፣ ሰገራ፣ ፈስ፣ ማስታወክ፣ ማስነጠስ፣ ግሳት፣ ማዛጋት፣ ረኃብ፣ ጥማት፣ እንባና እንቅልፍ ይገኙባቸዋል። ከዚህ ቀጥሎ መታፈን ያለባቸውን ያስቀምጣል፤ ስግብግብነት፣ ቁጣ፣ ፍርሃት፣ ቅናት፣ ሻካራ ንግግር፣ ሌላውን መጉዳት የሚያመጣ ተግባር ሁሉ መገታት አለበት ይላል። እኛ ይህን ገልብጠን የምንኖር ይመስለኛል። ቁጣችንን ስንለቅ ሽንታችንን እንይዛለን። ንጹሕ መጸዳጃ በሌለበት ትምህርት ቤት ሙሉ ቀን ውሃ ሳትጠጣና ሽንቷን ሳትሸና የምትውል ተማሪ፣ ከአንድ ከተማ ወደ ሌላው በማይቆም አውቶቡስ የሚጓዝ ሽማግሌ፣ ተራ ሲጠብቅ ምሳ የሚያመልጠው የታክሲ ሹፌር ይህን ዝርዝር ቢያነቡ የራሳቸውን ቀን ያገኙበታል። ሽንትን አዘውትሮ መያዝ ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ ሰገራን መያዝም ለድርቀት እንደሚያጋልጥ ማንኛውም የጤና ባለሙያ ይመሰክራል። ስለዚህ የጤና ጥበቃ ትምህርት የግለሰብ ልማድ ብቻ አይደለም፤ ለተማሪዎች በር ያለውና ውሃ የሚመጣበት መጸዳጃ መሥራትም የዚሁ አካል ነው።

አዩርቬዳ ዓመቱን በስድስት ወቅቶች ይከፍላል፤ ሰውም ከወቅቱ ጋር ምግቡን፣ እንቅስቃሴውንና እንቅልፉን እንዲለዋውጥ ይጠብቃል። በብርድ ጊዜ የሆድ እሳት ስለሚበረታ ከባድና ቅባት ያለው ምግብ ይፈቀዳል፤ በዝናቡ ወቅት ደግሞ እሳቱ ስለሚደክም ቀላልና ሞቅ ያለ ምግብ ይመረጣል። ኬረላ ውስጥ ይህ ትምህርት በየቤቱ የሚኖር ነው። ካርኪዳካም የሚባለው የማላያላም ዘመን አቆጣጠር የመጨረሻ ወር ከጁላይ አጋማሽ እስከ ኦገስት አጋማሽ የሚቆይ የከባድ ዝናብ ወር ሲሆን፣ ቤተሰቦች በዚያ ወር ለየት ያለ የሩዝ አጥሚት ያዘጋጃሉ። በውስጡ ብዙ ዓይነት ቅጠላ ቅጠልና ቅመም ይገባል፤ አብሽም አንዱ ነው። በየመንደሩ ያሉ የአዩርቬዳ ሕክምና ቤቶችም በዚህ ወር የዘይት ማሸት ለሚፈልጉ ሰዎች ይሞላሉ። በእኛ ክረምት ሰዎች ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት የሚያበዙበት፣ አጥሚትና ቤሶ የሚያስታውሱበት ልማድ ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ከዚህ ሁሉ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ በቅርብ የሚነካው ስለ ወቅት መሸጋገሪያ የተጻፈው ይመስለኛል። ቫግባታ የሚያልቀው ወቅት የመጨረሻ ሰባት ቀናትና የሚገባው ወቅት የመጀመሪያ ሰባት ቀናት የመሸጋገሪያ ጊዜ እንደሆኑ ይናገራል፤ በእነዚህ ቀናት የቀድሞው ሥርዓት ቀስ በቀስ እየቀረ አዲሱ ቀስ በቀስ እንዲገባ ያዝዛል፤ በድንገት የተተወና በድንገት የተጀመረ ነገር ሕመም ያመጣል ይላል። የዐቢይ ጾምን 55 ቀናት ያለ ሥጋና ያለ ቅቤ የጾመ ሰው በፋሲካ ሌሊት ዶሮ ወጥ፣ ክትፎና ጥሬ ሥጋ አከታትሎ ሲበላ የሚሆነውን እናውቃለን፤ ከበዓሉ ማግስት በሆድ ሕመም፣ በተቅማጥና በቃር ሐኪም ቤት የሚሄደው ሰው ብዙ ነው። እናቶቻችን ይህን ስለሚያውቁ ጾሙ ሲፈታ አስቀድሞ ተልባ ይሰጡን ነበር። የተልባው ልማድ እንዲቀር አልመክርም። በዓሉን በዶሮ ወጥ ጀምሮ ቅቤውን ማሳነስ፣ ክትፎውንና ጥሬውን ለቀጣዮቹ ቀናት ማቆየት ከበዓሉ ደስታ አንዳች አይቀንስም፤ የሆድ ሕመምተኛና አረጋዊ ባለበት ቤት ደግሞ አስፈላጊ ነው።

ስለ ቫታ፣ ፒታና ካፋ እስካሁን ያልጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። አዩርቬዳ ሰውነትን የሚያንቀሳቅሰውን፣ የሚያሞቀውንና የሚያጸናውን ኃይል በእነዚህ ሦስት ስሞች ይጠራል፤ ሰውም በየትኛው እንደሚያጋድል ታይቶ ምክሩ ይለያያል። ኬረላ ውስጥ ያየሁት ሐኪም ይህን ለመወሰን ስለ እንቅልፌ፣ ስለ ሰገራዬ፣ ስለ ላቤ፣ ስለ ሥራ ሰዓቴና ስለ ቁጣዬ ረጅም ጊዜ ወስዶ ጠይቆኛል፤ የእጄን የደም ሥርም ዳስሷል። በኢንተርኔት ላይ በጥቂት ጥያቄዎች «አንተ ፒታ ነህ» የሚሉት መጠይቆች ከዚያ ጋር አይነጻጸሩም። ሦስቱ ኃይሎች በመሣሪያ የሚለኩ አይደሉም፤ እኔ የምይዛቸው ሰዎች የተለያዩ እንደሆኑ ለማስታወስ እንደሚረዳ አገላለጽ ነው። ማርና ቅቤ በክብደት እኩል ከተደባለቁ ይጎዳሉ የሚለውን የመሰሉ ትእዛዞች ደግሞ አልከተልም፤ ጨጨብሳ በቅቤና በማር ስንበላ ያደግን ሰዎች ነን።

በጥብቅ ማስጠንቀቅ የምፈልገው ስለሚሸጡት እንክብሎችና ዱቄቶች ነው። አንዳንድ የአዩርቬዳ መድኃኒቶች በባህሉ መሠረት ሆን ተብሎ በብረታ ብረት ይዘጋጃሉ፤ ሌሎቹ በአመራረት ጉድለት ይበከላሉ። በአሜሪካ በቦስተን አካባቢ ከሚገኙ ሱቆች የተገዙ 70 የአዩርቬዳ ምርቶች ተመርምረው በ2004 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናት 14ቱ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሰኒክ ተገኝቶባቸዋል። ከአራት ዓመታት በኋላ በኢንተርኔት በተገዙ 193 ምርቶች ላይ የተደረገው ምርመራም ከአምስቱ በአንዱ ያህል ውስጥ እነዚህኑ ብረታ ብረቶች አግኝቷል። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ ከእናት ወደ ጽንስም ያልፋል። በዋሽንግተን፣ በዱባይ ወይም በሌላ ከተማ ከሕንድ ሱቅ የሚገዙ፣ ከጉዞ የሚመለስ ዘመድ የሚያመጣላቸው ወገኖች፣ በተለይም ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች፣ ይህን ልብ እንዲሉልኝ እለምናለሁ። አሽዋጋንዳም ቢሆን ጉበት እንደጎዳ የሚገልጹ የሕክምና ዘገባዎች አሉ። የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙ ሳያውቅ ምንም ዓይነት እንክብል መጨመር የለበትም፤ የታዘዘለትን መድኃኒት ትቶ በቅጠል መተካትም የለበትም። ከላይ ስለ መጠንና ስለ ጊዜ የተነገረው ሁሉ ያለ አንድ ጠርሙስ የሚሠራ በመሆኑ፣ ጠርሙሱን የሚያስቀድም ሻጭ የትምህርቱን ዋና ክፍል ዘሎታል።

ለመጀመር የሚያስብ ሰው ሁሉንም በአንድ ሰኞ እንዳይጀምር ቻራካ ራሱ መንገዱን አመልክቷል። የቆየ መጥፎ ልማድ በአንድ ጊዜ አይጣልም፤ ሩቡ ይቀነስና በቦታው የመልካሙ ልማድ ሩብ ይገባል፣ ሰውነት ሲለምደው ግማሹ፣ ከዚያ ሦስት አራተኛው ይከተላል። በቀን አራት ስኒ ቡና በብዙ ስኳር የሚጠጣ ሰው በመጀመሪያ ከአንዱ ስኒ ስኳሩን ያነሣል፤ እርሱን ሲለምድ ወደ ሁለተኛው ይሄዳል። በሌሊት አራት ሰዓት እራት የሚበላም ለጥቂት ቀናት ወደ ሦስት ተኩል፣ ከዚያ ወደ ሦስት ሰዓት ያመጣዋል፤ ቤተሰቡ በሙሉ የሚሰበሰበው በዚያ ሰዓት ብቻ ከሆነ ደግሞ ሰዓቱን ትቶ መጠኑን ይቀንሳል፣ ዋናውን ምግቡንም ወደ ምሳ ያዛውራል። አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል እኔ የማስቀድመው እራትን ነው፤ እራቱን ቀደም ብሎና ቀለል አድርጎ የበላ ሰው በደህና ይተኛል፣ በጊዜ ይነሣል፣ ጠዋትም ስለሚርበው ቁርሱን በደስታ ይበላል።